ኔትወርኩ የት ነው ያለው?

ካተምኳቸው ወረቀቶች ሁሉ ብዙ ሰው ያነበበው የማንም ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ አይደለም። ሁለት ቃል ብቻ ያላት ወረቀት ናት፤ «ኔትወርክ የለም» ትላለች። በኤ ፎር ላይ በወፍራም ፊደል አትሜ፣ ላሚኔት አድርጌ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫታለሁ። ስትፈለግ ወጥታ በሩ ላይ ትለጠፋለች። ላሚኔት ማድረጌን ልብ በሉልኝ። ሰው ላሚኔት የሚያስደርገው ዲፕሎማውንና የልደት ካርዱን ነው፤ ዕድሜ ልኩን የሚፈልገውን።

የምሠራው አራት ኪሎ ነው። ኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ፕሪንት፣ ኮፒ፣ ስካን፣ ጥረዛ። አራት ኮምፒውተር፣ ሁለት ፕሪንተር፣ አንድ ራውተር (ቤቱን ከውጭው ኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘው)፣ አንድ ባለ ስምንት ቀዳዳ ስዊች (ኮምፒውተሮቹንና ራውተሩን በኬብል የሚያገናኘው)። ሰፈሩን የሚያውቅ ቤቱንም ያውቀዋል፤ በየአሥር እርምጃው እንደኔ ያለ አለ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ቤቱን ስከፍት ኢንተርኔት አልሠራ አለ። ኮምፒውተሮቹም፣ በዋይፋይ የተያያዘው ስልኬም። ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁት (የሁላችንም የመጀመሪያና የመጨረሻ ሕክምና ይኸው ነው)። ለአፍታ ብልጭ ያለ መሰለኝ፤ ወዲያው ሞተ። ወረቀቷን አወጣሁ፣ ለጠፍኩ፣ ቁጭ አልኩ። በልቤ አገልግሎት ሰጪውን እየረገምኩ ሻይ አዘዝኩ።

4 ሰዓት ገደማ አንዲት እናት ገቡ። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በታክሲ ወርደው ነው የመጡት። ቤሩት ያለችው ልጃቸው የፓስፖርቷን ኮፒ በኢሜይል ልካላቸዋለች፤ እሱን አሳትመው አንድ ቢሮ ሊያደርሱ ነው። የኢሜይሉ ፓስወርድ የደብተር ቅዳጅ ላይ ተጽፎ በመሀረባቸው ጫፍ ተቋጥሯል።

«እማማ፣ ኔትወርክ የለም» አልኳቸው።

«የት ሄደ?»

«እንጃ፣ ጠፍቷል።»

«መጥፋቱስ ገባኝ። ሲኖር የት ነው የሚኖረው?»

እጄ ተነሣ። ጣቴ ወደ ኮርኒሱ ጠቆመ።

እሳቸውም ቀና ብለው አዩ። እዚያ ያለው የአምና ዝናብ ያፈሰሰበት ቡናማ ካርታ ብቻ ነው። ትንሽ አዩትና ወደኔ ተመለሱ። «እኛ ጋ ውሃ ሲጠፋ መጀመሪያ የጎረቤትን ቧንቧ ነው የምናየው» አሉ። «እነሱ ጋ ካለ የጠፋው ከኛ ግቢ ነው። ከዚያ ቆጣሪውን እናያለን፣ ከዚያ ሮቶውን። አንተ የጎረቤቱን አይተሃል?»

አላየሁም። «ይሄ እንኳ እንደ ውሃ አይደለም፣ እማማ» አልኳቸው፤ አሥራ አንድ ዓመት በሙያው የቆየ ሰው በሚናገርበት ድምፅ። «እሺ፣ ልጄ» ብለው ወጡ።

የጎረቤት ቧንቧ

ያቺ ጣት ግን አላስቀምጥ አለችኝ። እኔ ቤት የገባው ኢንተርኔት ከውጭ ካለው ምሰሶ ወርዶ፣ በመስኮቱ ጠርዝ ታጥፎ፣ ጠረጴዛው ሥር ገብቶ የሚያልቅ ሽቦ ነው። በእጄ ይዤው አውቃለሁ። ታዲያ ለምን ወደ ላይ ጠቆምኩ? ለሴትዮዋ ለማሳጠር ብዬ ነው እንዳልል፣ ሳላስብ ነው ያደረግኩት። ያላሰብኩት ነገር ደግሞ እውነተኛ እምነቴ ሊሆን እንደሚችል ሳስብ ደነገጥኩ። ከአፌ የሚወጣው ኬብል፣ ራውተር፣ አይፒ (እያንዳንዱ ዕቃ ኔትወርክ ላይ የሚጠራበት ቁጥር) ነው። ልቤ ውስጥ ያለው ግን እንደ ዝናብ የሚመጣና የሚቀር ነገር ነው።

ከምሳ በኋላ ጎን ያለው ጁስ ቤት ገባሁ። የሱም መስመር ከኔው አገልግሎት ሰጪ ነው። አስተናጋጁ ልጅ ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፎ ኳስ ያያል፤ ዋይፋዩ ቅንጣት አይቆራረጥም። ጎረቤት ውሃ አለ!

ተመልሼ «ቆጣሪውን» አየሁ። ከጠዋት ጀምሮ ዞር ብዬ ያላየሁት የራውተሩ የኢንተርኔት መብራት አረንጓዴ ሆኖ በርቷል። ከውጭ የሚመጣው እስከዚህ ደርሷል ማለት ነው። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚባለው ለኔ ነው፤ ግማሽ ቀን ሙሉ የሰው ድስት ሳማስል ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው እያንዳንዱን መገጣጠሚያ መጠየቅ ነው። መጠየቂያውም ፒንግ የሚባለው ትእዛዝ ነው፤ በር አንኳኩቶ «አለህ?» እንደማለት ነው። መጀመሪያ ራሱን ኮምፒውተሩን ጠየቅኩት፤ 127.0.0.1 የትኛውም ኮምፒውተር ራሱን የሚጠራበት ቁጥር ነው። «አለሁ» አለ። ቀጥሎ ራውተሩን፣ 192.168.1.1ን። መልስ የለም። ይህ ቢያልፍ ኖሮ ከአገር ውጭ ያለውን የጉግል ኮምፒውተር፣ 8.8.8.8ን እጠይቅ ነበር፤ እሱም ካለፈ ቁጥር ትቼ በስም እጠራ ነበር። በቁጥር ሲጠሩት የሚመልስ በስም ሲጠሩት ዝም ካለ፣ ስምን ወደ ቁጥር የሚመነዝረው ዲኤንኤስ የሚባለው አገልግሎት ላይ ችግር አለ ማለት ነው። እዚያ ድረስ መሄድ ግን አላስፈለገኝም። ውሃው የጠፋው ከግቢዬ ውስጥ፣ ከጠረጴዛው እስከ ግድግዳው ባለችው ሁለት ሜትር ላይ ነው።

ውስጡ ያለ ድንጋይ

ጎንበስ ብዬ ስዊቿን አየኋት። የስዊች መብራቶች እንደ ሠፈር ወሬ ናቸው፤ አንዱ ሲናገር አንዱ ይሰማል፣ አንዱ ብልጭ ሲል ሌላው ያርፋል። የኔዋ መብራቶች ግን ሁሉም በአንድነት፣ ያለ ዕረፍት እየተንቀጠቀጡ ነው። አንድ ሰማያዊ ኬብል ከሦስተኛው ቀዳዳ ይወጣል። በጣቴ ተከተልኩት። ከካርቶኑ ኋላ ዞሮ፣ በዩፒኤሱ ሥር አልፎ፣ ተመልሶ ያቺው ስዊች ሰባተኛ ቀዳዳ ውስጥ ገብቷል።

ማን ሰካው? እኔ። ቅዳሜ ማታ ቤት ሳጸዳ የተንጠለጠለ የኬብል ጫፍ አየሁ፣ ክፍት ቀዳዳ አየሁ፣ ገጠምኳቸው። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ቦታው ጥሩ ጸድቷል ብዬ።

ይህቺ አንዲት ኬብል ቤቱን ሁሉ እንዴት ገደለችው? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ነገሩ ያምራል። ኮምፒውተሬ ወደ ውጭ የሚልከው ሁሉ በራውተሩ በኩል ነው የሚያልፈው። ነገር ግን ሽቦ ላይ ዕቃዎች የሚተዋወቁት በአይፒ ቁጥር ሳይሆን ከፋብሪካ ይዘውት በሚወጡት ሌላ ቁጥር፣ በማክ አድራሻ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ለሁሉም ይጮኻል፦ «192.168.1.1 የምትባለው ማን ነህ?» ስዊቿ ይህን ጩኸት ከመጣበት ቀዳዳ በስተቀር በሁሉም ቀዳዳ ታስተላልፋለች። ራውተሩ ሰምቶ «እኔ ነኝ፣ ማክ አድራሻዬም ይኸው» ብሎ ይመልሳል። ጩኸቱ እዚያው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱ በሹክሹክታ ነው የሚነጋገሩት።

አሁን 3ንና 7ን በኬብል አገናኟቸው። ጩኸቱ በ3 ወጥቶ በ7 ይመለሳል። ስዊቿ አዲስ ጩኸት መስሏት ለሁሉም ታስተላልፋለች፤ በ3 እንደገና ወጥቶ በ7 ይመለሳል። በ7 የወጣውም እንዲሁ በ3 ይመጣል። ኢንተርኔት ላይ የሚጓዝ ፓኬት (የመረጃ ጥቅል) የዕድሜ ቁጥር ተጽፎበት ነው የሚላከው፤ አንድ ራውተር ባለፈ ቁጥር አንድ ይቀነስና ዜሮ ሲሆን ይጣላል። ስዊች ውስጥ የሚዞረው ፍሬም የሚባለው ጥቅል ግን እንዲህ ያለ ዕድሜ የለውም። አይሞትም። ጠዋት የተጮኸች አንዲት «ማን ነህ?» ከሰዓትም እየዞረች ነበር፤ እሷ ላይ ሌላ፣ እሱ ላይ ሌላ። ራውተሩም በዚያ ጫጫታ መሀል ማንን ይስማ? በዋይፋይ ያለው ስልኬም የሞተው ጫጫታው በራውተሩ በኩል አልፎ እሱም ጋ ስለሚደርስ ነው። «ወንዝን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ፣ ውስጡ ያለ ድንጋይ።»

መድኃኒቱ ከኔ ስህተት እጅግ ቀድሞ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1985 ራዲያ ፐርልማን የምትባል አሜሪካዊት መሐንዲስ የዛሬዎቹ ስዊቾች ቀዳሚ የሆኑት መሣሪያዎች እርስ በርስ ተነጋግረው፣ ክብ የሚፈጥረውን መንገድ ራሳቸው እንዲዘጉ የሚያደርግ ስልት አበጅታለች። ደህና ደህና ስዊቾች ዛሬም ይዘውታል። የኔዋ ርካሽ ናት፤ የላትም። ኬብሉን ነቀልኩ። መብራቶቹ ጸጥ አሉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ፣ በተራ በተራ ብልጭ ማለት ጀመሩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ ሴትዮዋ ሄደዋል።

ወረቀቷን ከበሩ ስነቅል የመጣብኝ ነገር ስድስት ኪሎ አካባቢ ቤዚክ ኮምፒውተር የተማርኩባት ክፍል ነች። የመጀመሪያው ቀን ትምህርት «ኮምፒውተር ማለት መረጃ ተቀብሎ፣ አቀነባብሮ፣ ውጤት የሚሰጥ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ነው» የሚል ነበር፤ በቃላችን አጠናነው። ኔትወርክ ላይ ስንደርስ ስታር፣ በስ፣ ሪንግ የሚባሉ ሥዕሎች ሳልን። ሪንጉን ፈተና ላይ አሳምሬ ስዬ ሙሉ ማርክ አግኝቻለሁ። የኔ ስዊች ላይ የሆነው በትክክል እሱ ባይሆንም፣ ክብ ስሎ ሙሉ ማርክ ያገኘ ሰው እግሩ ሥር ያለውን ክብ ስድስት ሰዓት ሙሉ አለማየቱ ያስቃል። ያንን ሰርተፊኬትም ላሚኔት አድርጌዋለሁ።

ማንም ለጀማሪ «ሲበላሽ ከየት ትጀምራለህ?» ብሎ አያስተምርም። እኔ ግን ያለ እሱ የቀረው ሁሉ ወሬ ነው ባይ ሆኛለሁ። እኚያ እናት አይፒ ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ግን ከጎረቤት ጀምሮ ወደ ውስጥ መግባትን ያውቃሉ። እኔ አይፒን አውቃለሁ፤ ጣቴ ግን ኮርኒስ ላይ ነበረች።

እማዬ

ረቡዕ ተመለሱ። ሰኞ ዕለት ከኔ ሦስት ቤት አልፈው አሳትመውታል፤ አሁን ኮፒ ፈልገው ነው። «ኔትወርኩ ተገኘ?» አሉኝ።

«አዎ፣ መጣ» ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር። አፌ ላይም ደርሶ ነበር። ጠረጴዛውን ሳብ አድርጌ ሰማያዊውን ኬብል አሳየኋቸው። «እኔው ነኝ የሰካሁት።»

ኬብሉን አዩ፣ ኮርኒሱን አዩ፣ ምንም አላሉም። ኮፒያቸውን ተቀብለው ገንዘብ ሲቆጥሩ «እኔ እንዲህ ያለውን ብማር ይገባኛል?» አሉ። ኢሜይሉን የሚከፍትላቸው የልጅ ልጃቸው ነው። ልጃቸው የምትጽፍላቸውን ሁሉ ቀድሞ የሚያነበው እሱ ነው፤ የሚያስለቅሰውን እየዘለለ እንደሚያነብላቸው ጠርጥረዋል።

እንዲህ ሆኖ ረቡዕ ከሰዓት፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ ይመጣሉ። ማውሱን መጀመሪያ እንደ ጫጩት በሁለት እጃቸው ነው የያዙት። ፓስወርድ ሲጽፉ ነጥብ ነጥብ እየሆነ ሲወጣ «የራሴን ምን ይደብቅብኛል?» ብለው ተቆጡ። መልስ አልነበረኝም፤ ከኋላቸው የቆምኩት እኔ መሆኔን አሳየኋቸውና ሳቁ።

ሁለተኛው ቀን ላይ «መብራት ቢሄድ ደብዳቤዋ ይጠፋል?» ብለው ጠየቁኝ። ይህ የሁሉም ጀማሪ ጥያቄ መሆን አለበት። እዚህ ቤት መብራት ሲሄድ ሴቭ ያልተደረገ ጽሑፍ ይጠፋል፣ ምክንያቱም ራም የሚባለው ክፍል ኤሌክትሪክ ካልመጣለት የያዘውን ይለቃል። ሴቭ የተደረገው ዲስክ ላይ ነው፤ መብራት ሲመጣ ይገኛል። የልጅዎ ደብዳቤ ግን ከሁለቱም አይደለም፣ እዚህ ቤት አይደለም ያለው አልኳቸው። «የት ነው ታዲያ?» ሲሉ እጄን ጠረጴዛው ላይ አጥብቄ ያዝኩት። በእንግሊዝኛ ስሙ ራሱ «ክላውድ»፣ ደመና ነው፤ ጣት ወደ ላይ የሚያስቀስረው እሱ ነው። እውነቱ ግን አንድ አገር ውስጥ፣ መሬት ላይ በተሠራ አዳራሽ፣ በመደርደሪያ የተቀመጠ ኮምፒውተር ነው። ወደዚያ የሚወስደው አንዱ መንገድ የድሮው ባቡር በወጣበት አቅጣጫ ጅቡቲ ይደርስና በባሕር ሥር በተዘረጋ ገመድ ይቀጥላል። ገመዱ ውስጥ ያለው ፀጉር የሚያህል መስተዋት ነው፤ በመስተዋቱ የሚሮጠው ብርሃን ነው፣ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ለመድረስ 4 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል።

«ውሃ ግን ተመልሶ አይሄድም» አሉኝ አንድ ቀን፣ የራሳቸውን ምሳሌ ራሳቸው ሲያፈርሱ። ልክ ናቸው። ቧንቧ የመጣለትን ይቀበላል፤ ኢንተርኔት ግን ካልጠየቁት አይመጣም፣ ጥያቄው ደግሞ መመለሻ አድራሻ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ነው አራቱ ኮምፒውተሮቼ በውጭ የሚታወቁት በአንድ ቁጥር ብቻ መሆኑን ስነግራቸው ያልተገረሙት። እሳቸው ያሉበት ግቢ ስድስት ተከራይ አለ፣ የቤት ቁጥሩ ግን አንድ ነው። ዕቃ ሲመጣ በር ላይ የሚቀበሉት አከራይዋ ናቸው፤ ማን ምን እንዳዘዘ ስለሚያስታውሱ ለየክፍሉ ያደርሳሉ። «ራውተሩ አከራይዋ ነው በለኛ!» አሉ። እኔ ይህንን ስድስት ኪሎ በሁለት ሳምንት አልተረዳሁትም ነበር። (ከራውተር ቁጥር ሲያጣ ለራሱ 169.254 ብሎ የሚጀምር ቁጥር የሚሰጥ ኮምፒውተርም አለ። አከራይ ሳያናግር በር ላይ ቁጥር የጻፈ ተከራይ በሉት፤ ያንን ቁጥር ያየ ሰው ወደ ውጭ መስመሩ ሳይሮጥ ራውተሩን ይይ።)

ልጃቸው የምትጽፈው ሁልጊዜ «እማዬ» ብላ ጀምራ ነው። ይህቺን ቃል በወረቀት ላይ ፈታሁላቸው። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፣ ቁጥር ነው የሚያውቀው። የ«እ» ቁጥር 4773 ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ ቁጥር መዝገብ ግዕዝን እስኪያስገባ ድረስ እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር፣ አንዱ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ቤት ዝባዝንኬ ሆኖ ይከፈት ነበር። ዛሬ «እ» ቤሩትም አራት ኪሎም አንድ ቁጥር ናት፤ ስትላክም እንዲህ ሆና ነው፦

11100001 10001010 10100101

ሦስት ባይት (ስምንት ስምንት ቁጥር የያዙ ክፍሎች)፣ 24 ቢት (እያንዳንዷ ዜሮ ወይም አንድ)። ዜሮ ማለት የጠፋ መብራት፣ አንድ ማለት የበራ መብራት ነው። «እማዬ» ሦስት ፊደል ስለሆነች 72 ጊዜ ነው መብራቱ በርቶ ወይ ጠፍቶ የሚቆጠረው። ወረቀቱን ወሰዱና በጣታቸው እየተከተሉ ቆጠሩት፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ። አልቸኮልኩም። ከዚያ አጥፈው ፓስወርዱ ካለበት መሀረብ ጫፍ ጋር ቋጠሩት።

ያለፈው ረቡዕ መብራት ጠፍቶ በጨለማ ቁጭ ብዬ ነበር። ደጃፉ ላይ ድምፃቸውን ሰማሁ፤ ግን አልገቡም። ብቅ ስል ጁስ ቤቱ በር ላይ ቆመው ወደ ውስጥ ያያሉ። ዞረው አዩኝ።

«እነሱም ጋ የለም» አሉኝ። «የዛሬው ያንተ አይደለም። በል ደህና ዋል።»